ሁሉም የሠራው ሕንፃ ተጠያቂ እንዳያጣ

ቤት በአንድ ሰው እጅ አይቆምም። ይህን እውነት ለወለጋ ሕዝብ እናስተምር ማለት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በጉቴና በነቀምቴ ዙሪያ በሚገኙ የገጠር መንደሮች ቤት የሚሠራ ገበሬ ጎረቤቶቹን በደቦ ሲጠራ አንዱ እንጨት ይጠርባል፤ ሌላው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሦስተኛው ማገር ያስራል፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ የደቦውን ምግብና መጠጥ ያሰናዳሉ፤ ጭቃውም ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ በብዙ እግር ይረገጣል። ዛሬ ለአንዱ የፈሰሰው ጉልበት ነገ በዳዶ ለሌላው ይመለሳል።

ይህ የቆየ አሠራር ሁለት ታላላቅ ቁም ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። አንደኛው፣ በሥራው ላይ የተሰማራው ሁሉ አንዱን ቤት በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ምድጃው የት እንደሚሆን፣ የመሐሉ ምሰሶ የት እንደሚተከል ከባለቤቱ አንሥቶ እስከ ጭቃ ረጋጩ ድረስ ያውቃል። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው የሠራው ድርሻ በስም መታወቁ ነው። ምሰሶው ቢያዘነብል ማን እንደተከለው፣ ክዳኑ ቢያፈስ ማን እንደከደነው መንደሩ ሳይጠያየቅ ያውቀዋል። እንግዲህ በደቦ ቤት ውስጥ መተባበርና መጠየቅ የማይነጣጠሉ ነበሩ ማለት ነው።

የአርማታና የብረት ሕንፃ ሲመጣ ሥራው በሙያ ተከፋፈለ። ክፍፍሉ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም፤ የኤሌክትሪክ መስመር የሚቀይስና የኮለን ውፍረት የሚያሰላ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ ከክፍፍሉ ጋር አንዱ ዓይን ጠፋ። በዓለም የግንባታ ሙያ ውስጥ እየተስፋፋ የመጣውና በአገራችንም ሥልጠና ሲሰጥበት የቆየው የሕንፃ መረጃ ሞዴል አሠራር ይህን የጠፋውን አንድ ዓይን ለመመለስ የሚጥር ነው። ነገር ግን ከባድ ጥያቄ አስከትሎ መጥቷል። ሁሉም በአንድ ሞዴል ላይ ሲሠራ፣ ስሕተት ቢፈጠር ተጠያቂው ማን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ መሠረታዊ ጥያቄ ላይ ነው።

የተበታተነ ፕላን የሚያስከፍለው ዋጋ

ነገሩን በረቂቅ ከመናገር ይልቅ በተጨባጭ ምሳሌ ማየት ይሻላል። ከነቀምቴ በስተምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጉቴ ከተማ አንድ ባለ አንድ ፎቅ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ነው ብለን እናስብ። አርክቴክቱ የክፍሎቹን አደላደል ይነድፋል። መሐንዲሱ ኮለኑን፣ አግዳሚውንና ሶሌታውን ያሰላል። የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የየራሳቸውን ፕላን ያወጣሉ። ሥራ ተቋራጩ እነዚህን ሁሉ ወረቀቶች ተረክቦ ወደ ሥራው ቦታ ይመጣል።

የላይኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ፍሳሽ 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ 9 ሜትር ተጉዞ ወደ ውጭ መውጣት አለበት እንበል። ፍሳሹ እንዳይቆም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ቢሰጠው ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የቧንቧው ስፋት ሲጨመርበት ከሶሌታው ሥር 29 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መሐንዲሱ ያሰላው አግዳሚ ደግሞ ከሶሌታው ሥር 35 ሳንቲ ሜትር ወርዶ በቧንቧው መንገድ ላይ ተዘርግቷል። የቧንቧው ፕላን አግዳሚውን አያሳይም፤ የአግዳሚው ፕላን ቧንቧውን አያሳይም። ሁለቱም ወረቀቶች በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙት በወረቀት ላይ ሳይሆን አርማታው ከደረቀ በኋላ በሥራው ቦታ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ ምን ይደረጋል? የቧንቧ ሠራተኛው መዶሻና መሮ ይቀበልና ፈልፍለህ አሳልፍ ይባላል። እርሱም የታዘዘውን ይፈጽማል። የሚፈለፈለው ክፍል ግን ከታችኛው ፌሮ አጠገብ ነው። በሁለት ኮለኖች መካከል በተዘረጋ አግዳሚ ውስጥ ሸክም ሲያርፍ የሚሳበውና ጉልበቱን የሚሸከመው በአብዛኛው ይኸው የታችኛው ፌሮ ነው። ፌሮው ተቆርጦ፣ ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ በማግስቱ ልስን ሲለበስበት ጥፋቱ ከዓይን ይሰወራል። ሕንፃው ቀለም ተቀብቶ ይመረቃል። ከዓመታት በኋላ ጣሪያው ሲሰነጠቅ ከሥሩ የምትገኘው በምጥ ላይ ያለች እናት ናት።

ያን ጊዜ የሚጀመረው የመወነጃጀል ሙግት ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። መሐንዲሱ፣ «እኔ ያሰላሁት አግዳሚ ቀዳዳ አልነበረውም» ይላል። የቧንቧ ባለሙያው፣ «አግዳሚ መኖሩን የነገረኝ የለም» ይላል። ሥራ ተቋራጩ፣ «የተሰጠኝን ሠራሁ» ይላል። ተቆጣጣሪው፣ «ከእኔ ጉብኝት በኋላ የተደረገ ነው» ይላል። በመጨረሻም ጣት የሚቀሰረው መከራከሪያ ወረቀት በእጁ በሌለው በቧንቧ ሠራተኛው ላይ ነው። ገንዘቡን የሚያጣው ደግሞ ከኪሱ አዋጥቶ፣ በጉልበቱ ድንጋይ አቅርቦ ሕንፃውን ያስጀመረው ነዋሪ ነው።

አንዱ ሞዴል ምንድን ነው?

የግንባታ ሠራተኞቻችን «ቢም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ አእምሯቸው የሚመጣው ከኮለን ወደ ኮለን የሚዘረጋው አግዳሚ አርማታ ነው። የሕንፃ መረጃ ሞዴል አሠራርም በምሕጻረ ቃል ሲጠራ በአጋጣሚ «ቢም» ይባላል። ሁለቱ እንዳይምታቱ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሞዴል» በሚለው ቃል እንጠቀማለን።

ሞዴል ማለት በኮምፒዩተር የተሣለ የሚያምር ሥዕል ማለት አይደለም። በፕላን ወረቀት ላይ ግድግዳ ሁለት መሥመር ብቻ ነው። በሞዴል ውስጥ ግን ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን ያውቃል፤ ከምን እንደተሠራ፣ ውፍረቱና ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ብሎኬት እንደሚፈጅ፣ የትኛው በር እንደሚከፈትበት መረጃ ይዟል። በሩ ሁለት ክንድ ወደ ግራ ቢዛወር በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ለየብቻ ማረም አያስፈልግም፤ ከሞዴሉ የሚወጣው ፕላን ሁሉ አብሮ ይለወጣል። አሜሪካዊው የሥነ ሕንፃ ምሁር ቻርልስ ኢስትማን በወረቀት ፋንታ ሕንፃውን ራሱን በኮምፒዩተር መግለጽ እንደሚቻልና አንድ ለውጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረግ በቂ እንደሚሆን ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። ሐሳቡ እንግዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረ ነው።

የሞዴሉ ዋና ጥቅም የየባለሙያው ሥራ በአንድ ቦታ ተደራርቦ መታየቱ ነው። የመሐንዲሱ አግዳሚና የቧንቧ ባለሙያው መሥመር ሲጋጩ ኮምፒዩተሩ ግጭቱን ያሳያል። ሲሚንቶ ሳይቦካ፣ ፌሮ ሳይታጠፍ መንገዱ ይለወጣል፤ ወይም መሐንዲሱ አስልቶ በፈቀደው ሥፍራ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት የቧንቧ ማለፊያ ይቀመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የግንባታ ስትራቴጂ በማዕከላዊ መንግሥት በጀት የሚሠሩ ሕንፃዎች እስከ 2016 ድረስ በዚህ አሠራር እንዲከናወኑ ወስኖ ነበር። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ተብሎ የተሰየመው የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ለባለሙያዎች በዚሁ አሠራር ሥልጠና ሰጥቷል። እርምጃው የሚደገፍ ነው። ሆኖም ሥልጠናው ፕሮግራሙን በማንቀሳቀስ ብቻ ተወስኖ የኃላፊነት ጥያቄ ካልተነሣ ግማሽ መንገድ ሄዶ መቆም ይሆናል።

የጋራ ማለት የማንም ማለት አይደለም

አንዳንድ ወገኖች ሞዴሉ ስለሚያሳይ ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ስላየ ስሕተት አያመልጥም ብለው ያምናሉ። ይህ አመለካከት ላይ ላዩን ሲታይ እውነት ይመስላል፤ በጥልቅ ሲመረመር ግን አደገኛ ነው። አንድን ወረቀት ብዙ ሰው ስላየው ብቻ ተመርምሯል ማለት እንዳልሆነ በመራራ መንገድ የታወቀበት ታሪክ አለ።

በአሜሪካ አገር በካንሳስ ሲቲ ከተማ በነበረው የሃያት ሬጀንሲ ሆቴል ታላቅ አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩ። የአራተኛው ፎቅ ድልድይ በትክክል ከሁለተኛው ፎቅ ድልድይ በላይ ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ መሠረት አንድ ረጅም ዘንግ ከጣሪያው ወርዶ ሁለቱንም ድልድዮች ይሸከማል። ብረቱን ለማምረትና ለመግጠም እንዲቀል ሲባል ግን አንዱ ዘንግ በሁለት ተከፈለ። የላይኛው ድልድይ ከጣሪያው፣ የታችኛው ድልድይ ደግሞ ከላይኛው ድልድይ ላይ ተንጠለጠለ። በወረቀት ላይ ጥቃቅን የምትመስለው ይህች ለውጥ የአራተኛው ፎቅ ድልድይ መጋጠሚያ የሚሸከመውን ክብደት በእጥፍ አሳደገችው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 ምሽት አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ሳለ ሁለቱ ድልድዮች ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

በምርመራው የተገኘው እውነት ለዛሬው ርእሳችን ታላቅ ትምህርት ነው። ለውጡ በድብቅ የተደረገ አልነበረም፤ በሥራ ንድፉ ላይ ተሥሏል፤ ንድፉም ወደ መሐንዲሶቹ ቢሮ ሄዶ ማኅተም አርፎበት ተመልሷል። ነገር ግን መጋጠሚያውን እንደገና ያሰላ አንድም ሰው አልነበረም። የብረት አምራቹ ወገን መሐንዲሶቹ ያሰሉታል ብሎ አመነ፤ መሐንዲሶቹ ደግሞ የመጋጠሚያው ስሌት የአምራቹ ድርሻ ነው ብለው ተከራከሩ። የሚዙሪ ክፍለ አገር የሙያ ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ የመጨረሻው ኃላፊነት ማኅተሙን ያሳረፈው መሐንዲስ ነው ሲል የሥራ ፈቃዳቸውን ነጠቀ።

በዚያን ዘመን የሕንፃ ሞዴል የሚባል ነገር በሥራ ላይ አልነበረም። ይሁንና ያው ድክመት ዛሬ በሞዴል ውስጥ ሊደገም ይችላል፤ እንዲያውም ሊባባስ ይችላል። በወረቀት ዘመን ለውጥ የሚያደርገው ሰው ቢያንስ ወረቀቱን ፍቆ አዲስ መሥመር ማሥመር ነበረበት። በጋራ ሞዴል ውስጥ ግን አንድ ሰው በአንድ የጣት ንክኪ የሌላውን ሥራ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ማን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንዳደረገው ካልተመዘገበ፣ የጋራው ሞዴል የጋራ መደበቂያ ይሆናል።

ኃላፊነቱ እንዴት ይከፋፈል?

የመንደር ነዋሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ዕድሩን ይመልከት። ዕድር የሁሉም ነው። መዋጮው የሁሉም፣ ድንኳኑ የሁሉም፣ ኀዘኑም የሁሉም ነው። ነገር ግን ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዕቃ ያዥ አለው። ድንኳኑ ቢቀደድ የሚጠየቀው «አባላቱ ሁሉ» ሳይሆን ዕቃ ያዡ ነው። ዕቃ ያዡም በተራው ድንኳኑን በማን እጅ እንዳስረከበና መቼ እንደተረከበ ከመዝገቡ ያሳያል። ዕድር ለዘመናት የዘለቀው የጋራ ንብረትን ከስም ኃላፊነት ጋር ስላጣመረ ነው።

በሕንፃ ሞዴል ሥራም የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ደንብ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መረጃው በአራት ቤቶች ውስጥ እንዲተላለፍ ያዛል። የመጀመሪያው በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ባለሙያው ገና የሚያርመው ስለሆነ ሌላው ሊመካበት አይችልም። ሁለተኛው ለጋራ የቀረበ ነው፤ ሠሪው ራሱ አይቶና አጽድቆ ለሌሎች ባለሙያዎች ያቀረበው ነው። ሦስተኛው ለሥራ የተፈቀደ ነው፤ አሠሪው ወይም ወኪሉ ያጸደቀው፣ በሥራው ቦታ ሊገነባበት የሚቻለው ይህ ብቻ ነው። አራተኛው መዝገብ ነው፤ ያለፈው ሁሉ፣ የተሻረውም ጭምር፣ ሳይጠፋ ይቀመጥበታል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሸጋግር በር አለ፤ በየበሩም የሚፈርም ሰው አለ።

ከዚህም ጋር የእያንዳንዱ የሞዴል ክፍል ባለቤት ከሥራው መጀመሪያ በስም መታወቅ አለበት። ኮለኑ የመሐንዲሱ ነው፤ አርክቴክቱ ሊያየው እንጂ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የውል ሰነድ እያንዳንዱ የሕንፃ ክፍል በየደረጃው ደራሲው ማን እንደሆነ በሠንጠረዥ እንዲመዘገብ አድርጓል። የክፍሉንም ብስለት ከ100 እስከ 500 በሚደርሱ ደረጃዎች ለይቷል። 100 ማለት ገና ግምት ነው፤ 300 ማለት መጠኑና ቦታው ተለይቶ የተነደፈ ነው፤ 500 ማለት ተሠርቶ በቦታው የተረጋገጠ ነው። ገና ግምት የሆነውን እንደ ተረጋገጠ ቆጥሮ ሲሚንቶ የሚያዝዝ ሰው ለኪሳራው ተጠያቂው ራሱ ይሆናል።

ተባባሪዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በመሣሪያቸውም ላይ መስማማት አለባቸው። ታላቁ የአውሮፕላን ኩባንያ ኤርባስ ኤ380 የተባለውን አውሮፕላን ሲሠራ በተለያዩ አገሮች የሚገኙት የንድፍ ክፍሎቹ በአንድ ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ እትሞች ይሠሩ ነበር። የአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው በትክክል ባለመተላለፉ ወደ መገጣጠሚያው የመጡት የኤሌክትሪክ ገመዶች አጥረው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው መዘግየት ኩባንያውን ለከባድ ኪሳራ ዳርጎታል። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ኩባንያ ይህ ከደረሰበት፣ በአነስተኛ በጀት የሚሠራ የወረዳ ሕንፃ ከመጀመሪያው ሳይመካከር ቢነሣ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

መታረም የሚገባቸው አመለካከቶች

ይህን አሠራር በአገራችን ለማስፋፋት ሲታሰብ በግልጽ ሊተቹ የሚገባቸው ሦስት የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

አንደኛው፣ «ሞዴሉ ያውቃል» የሚለው ነው። ኮምፒዩተር ሁለት ነገሮች አንድ ቦታ መያዛቸውን ይናገራል እንጂ አግዳሚው ሸክሙን መቻል አለመቻሉን ያለ መሐንዲስ አይወስንም። የካንሳስ ሲቲው መጋጠሚያ በሞዴል ውስጥ ቢሣል ኖሮ ከምንም ነገር ጋር አይጋጭም ነበር፤ ችግሩ የቦታ ሳይሆን የክብደት ነበርና። ማሽኑ ዓይን ይሆናል፤ ኅሊና ግን አይሆንም።

ሁለተኛው፣ የሌላውን ስሕተት የገቢ ምንጭ ማድረግ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ተጫርቶ ሥራውን የያዘ ተቋራጭ በፕላኑ ውስጥ ያለውን ግድፈት አይቶ ዝም የሚልበት፣ በኋላም በተጨማሪ ሥራ ስም ክፍያ የሚጠይቅበት ሁኔታ አለ። አማካሪውም ግድፈቱ እንዳይታወቅበት ሰነዱን የሚሸሽግበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ የመጠባበቅ መንፈስ ውስጥ የሚዘረጋ የጋራ ሞዴል ስሙ ብቻ የጋራ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ግድፈትን አስቀድሞ የጠቆመ እንዳይጎዳ፣ አውቆ የደበቀ እንዳይጠቀም ውሉ ራሱ በግልጽ መደንገጉ ነው። ሞዴል መሥራት በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን በኋላ፣ በአሠሪው ኪስ ነው። ስለዚህ አሠሪው ለዚያ ድካም ሳይከፍል ውጤቱን ብቻ ቢጠብቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ «ይህ የአዲስ አበባ ፎቅ ጉዳይ ነው፤ ለጉቴ ምን ይረባል?» የሚለው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ የፕሮግራሙ ዋጋ በሚከብድበት ሁኔታ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አያስደንቅም። ነገር ግን ሥርዓቱ ከማሽኑ ይቀድማል። በነቀምቴ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ በአንድ ኮምፒዩተር የተደራረበ ሞዴል፣ በጉቴ ባለው የሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀንና ፊርማ ያለበት አንድ የጸደቀ ፕላን፣ የለውጥ መዝገብ የሚሆን አንድ ደብተርና ሳምንታዊ ስብሰባ ካሉ የአሠራሩ እምብርት ተይዟል። ሞዴሎችን ከፍቶ ለማየት የሚያስችሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞችም አሉ። በአንጻሩ ውድ ፕሮግራም ገዝቶ የጸደቀውን ከተሻረው መለየት ያልቻለ መሥሪያ ቤት አዲስ መሣሪያ ይዞ በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ነው። በነቀምቴ የሚገኘው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን እያስተማረ በመሆኑ ሙያውን ለአካባቢው የሚያደርስ ወጣት ሩቅ አይደለም።

ሕጉ የሚለው

ኃላፊነትን መሸሽ በሕግም የሚያዋጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት ያህል የሥራውን ትክክለኛነትና ጽናት ዋስ እንደሚሆን ደንግጓል። ጉድለቱ ከአሠራሩ ብቻ ሳይሆን ሕንፃው ከቆመበት መሬት ጠባይ የመጣ ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ከፍተኛው ጥንቃቄ በሚጠየቅበት ምድብ ውስጥ አስገብቶ ነበር። የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸውም አዝዞ ነበር።

ዐሥር ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። በዐሥር ዓመት ውስጥ ተቆጣጣሪው ይዛወራል፣ ፎርማኑ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ወረቀቱን አይጥ ይበላዋል። ሕጉ የሰጠው መብት በተግባር ሊፈጸም የሚችለው ማን ምን እንደወሰነ የሚያሳይ መዝገብ ሲኖር ነው። በሥርዓት የተያዘ ሞዴልና የለውጥ መዝገብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ለንጹሑ ሰው ነው። የቧንቧ ሠራተኛው «ታዝዤ ነው» ሲል ትእዛዙ በቀንና በስም ይገኛልና።

የነዋሪውና የሠራተኛው ድርሻ

እስካሁን ባለሙያውን ተናገርን። ነገር ግን ሠራተኛውና ነዋሪው ከዳር ቆመው የሚመለከቱ አይደሉም።

ሠራተኛው የፕላን የመጨረሻ አንባቢና የስሕተት የመጀመሪያ ተመልካች ነው። ፌሮው የተጨናነቀበትን፣ አርማታው ሊገባ የማይችልበትን ማዕዘን ከማንም በፊት የሚያየው እርሱ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊለመዱ ይገባል። ቀንና ፊርማ የሌለው ፕላን ይዞ ሥራ አለመጀመር፤ አግዳሚ፣ ኮለን ወይም ሶሌታ እንዲፈለፍል ሲታዘዝ የመሐንዲሱን የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ፤ ያየውን ግጭት ለካፖው ነግሮ በመዝገብ ማስፈር። አሠሪዎችም በበኩላቸው ይህን የጠየቀውን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ ወይም እንደ አስቸጋሪ መቁጠር አይኖርባቸውም። የጠየቀ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ቢያስቆም፣ ያልጠየቀው የአንድ ሕንፃ ዕድሜ ሊያሳጥር ይችላል።

ነዋሪው ደግሞ የሕንፃው እውነተኛ ባለቤት ነው። ጤና ጣቢያው ሲታቀድ አዋላጇ የምጥ አልጋ በበሩ እንዴት እንደሚያልፍ ታውቃለች። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ነዋሪ የትኛው ደረጃ እንደሚያግደው ያውቃል። የዕድሜ ባለጸጋው በክረምት ጎርፉ ከየት መጥቶ በየት እንደሚያልፍ ያውቃሉ። በመሥመር የተሞላ የፕላን ወረቀት ለእነዚህ ሰዎች አይናገርም። ሞዴል ግን ገና ያልተሠራውን ቤት በዓይን ያስዞራል፤ አዋላጇ በበሩ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ «ይህ ጠባብ ነው» ትላለች። እንግዲህ የቀበሌ ማኅበራት ሕንፃ ሊሠራ ሲል መዋጮ ብቻ ሳይሆን አስተያየት የሚሰጡበት ስብሰባ እንዲጠራ፣ ሞዴሉም እንዲታይ ሊጠይቁ ይገባል።

ከዚህም በላይ በርክክብ ቀን ቁልፍ ብቻ መቀበል አይበቃም። ከግድግዳው ጀርባ ቧንቧው የት እንዳለፈ፣ ገመዱ የት እንደተቀበረ፣ በሥራው ጊዜ ምን እንደተለወጠ የሚያሳየው የመጨረሻ መረጃ አብሮ መረከብ አለበት። ሕንፃው ሲጠገንና ሲስፋፋ የሚኖሩት ልጆቻችን ናቸው፤ ግድግዳ እየቀደዱ እንዲፈልጉ ልንፈርድባቸው አይገባም።

በአጭሩ፣ መተባበር ኃላፊነትን እስኪጠፋ ድረስ ማቅጠን አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ አንዲቱን ሎሚ በእጁ ይዟል ማለት ነው፤ አንዱ ቢጥላት የማን እንደሆነች ይታወቃል። የወለጋ ደቦ ያስተማረን ይህንኑ ነው። ሞዴሉ አንዱን ዓይን ይመልስልናል፤ ስምና ፊርማውን ግን መመለስ ያለብን እኛው ነን። በጉቴም ሆነ በነቀምቴ ነገ መሠረቱ ለሚጣል ሕንፃ ሁሉ ከመጀመሪያው ድንጋይ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ይሁን፦ ይህን ክፍል የሠራው ማን ነው? ያየውስ ማን ነው? የፈቀደውስ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሦስት ስም የሚጻፍበት ሕንፃ፣ ምጥ የያዛት እናት ያለ ሥጋት የምትተኛበት ሕንፃ ይሆናል።